ከማንጎ ዘር ወደ ማንጎ ማሸጊያ፦ በተፈጥሮ የሚበሰብሱ ንቁ ፊልሞች በሆሞሻ ሁኔታ ሲመዘኑ

አጠቃሎ

በተፈጥሮ ከሚበሰብሱ ፖሊመሮች የሚሠሩና ከዕፅዋት የተገኙ ውሁዶችን የያዙ የምግብ ማሸጊያ ፊልሞች በምርምር ጽሑፎች ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። ይህ ጽሑፍ የፊልሞቹን አሠራር በሆሞሻ ወረዳ የማንጎ ምርት መነሻነት ያብራራል። ዋና ነጥቡ፣ የአንድ ንቁ ፊልም ፋይዳ የሚለካው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባሳየው የማገድ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ ንቁ ውሁዱን በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ፍሬው እስከሚበስልበት ቀን ድረስ ይዞ በመቆየቱ ነው የሚል ነው። የጥሬ ዕቃ ፍላጎት፣ የመበስበስ ሁኔታና የሕግ ማዕቀፍም ይዳሰሳሉ።

ቁልፍ ቃላት፦ ስታርች፣ ተናኝ ዘይት፣ ንቁ ማሸጊያ፣ ማንጎ፣ አንትራክኖዝ፣ ሆሞሻ

1. መግቢያ

ሆሞሻ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን ከአሶሳ ከተማ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው አቅጣጫ ላይ ይገኛል። በወረዳውም ሆነ በአጎራባቾቹ ማንጎ በየጓሮው፣ በየመንደሩ ዳርቻና በየማሳው ጠርዝ ይታያል። ዛፎቹ በአብዛኛው በማዳቀል የተባዙ ሳይሆኑ ከዘር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህም የፍሬው መጠን፣ የቃጫው ብዛትና የሚበስልበት ጊዜ ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ምርቱ ዝናቡ በሚገባበት ወቅት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተደራርቦ ይደርሳል። በዚያ ወቅት ዋጋው በአካባቢው ገበያ ይወርዳል፤ የተሻለ ዋጋ የሚገኝበት የአዲስ አበባ ገበያ ደግሞ ከአሶሳ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ፍሬው በጆንያ ወይም ያለ ማሸጊያ በጭነት መኪና ተከምሮ ሲጓዝ ይጨፈለቃል፣ ይሞቃል፣ ይበሰብሳል።

ችግሩን በማቀዝቀዣ ብቻ መፍታት አይቻልም። ማንጎ የሞቃት አካባቢ ፍሬ በመሆኑ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የቅዝቃዜ ጉዳት ይደርስበታል፤ ቆዳው ይጠቁራል፣ በትክክልም አይበስልም። ቀዝቃዛ የማጓጓዣ ሰንሰለት በሌለበት ደግሞ ፍሬው ጉዞውን በሙሉ የሚያሳልፈው በአካባቢው የአየር ሙቀት ነው። በሌላ በኩል ተራው የፕላስቲክ ከረጢት የሚያስከትለው የቆሻሻ ክምችት በሕግ ጭምር ሲታገል ቆይቷል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ማምረትና ማስገባት ከልክሏል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በፕላስቲክ ከረጢት ላይ የበለጠ ጥብቅ የሆነ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ምግብን የሚጠብቅና ከአገልግሎት በኋላ ወደ አፈር የሚመለስ ማሸጊያ መፈለጉ ለአካባቢው ምርምር ተገቢ ጥያቄ ነው።

2. ንቁ ማሸጊያ ምንድን ነው?

ተራ ማሸጊያ ምግቡን ከውጭው አየር፣ ከአቧራና ከእርጥበት ለይቶ ይይዛል። ንቁ ማሸጊያ ግን ከምግቡ ወይም በዙሪያው ካለው አየር ጋር ሆን ተብሎ የሚገናኝ ነው፤ ወይ የሚጎዳውን ነገር ይስባል፣ ለምሳሌ ኦክስጅንን፣ እርጥበትን ወይም ፍሬን የሚያበስለውን የኢትሊን ጋዝ፤ ወይ ደግሞ የሚጠቅመውን ነገር ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ለምሳሌ ፀረ-ፈንገስ ወይም ፀረ-ኦክሳይድ ውሁድ።

ስያሜው አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ባህል እንግዳ አይደለም። የወተት ዕቃን በወይራ ጭስ ማጠን ዕቃው ራሱ ለሚይዘው ወተት ጠባቂ ውሁዶችን እንዲያበረክት ማድረግ ነው። ሞገሴ አሸናፊ የዕቃ መታጠን በእርጎ የረቂቅ ተሕዋስያን ይዞታ ላይ ያለውን ውጤት አጥንተው በ1996 እ.ኤ.አ. ማሳተማቸው፣ ይህ ልማድ በሳይንስ ሊመረመር የሚችል መሆኑን ያሳያል። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረትና ኮረሪማ የሚጨመረውም ለመዓዛ ብቻ ሳይሆን ቅቤው ሳይበላሽ እንዲቆይ ጭምር ነው።

በዚህ መስክ ሁለት ቃላት በተደጋጋሚ ይምታታሉ። «ከተፈጥሮ የተገኘ» ማለት «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» ማለት አይደለም። ከሸንኮራ አገዳ አልኮል የሚሠራ ፖሊኤትሊን ምንጩ ተክል ነው፤ ሆኖም ከነዳጅ እንደሚሠራው ፖሊኤትሊን ሁሉ አይበሰብስም። በአንጻሩ ፒቢኤቲ የተባለው ፖሊመር ምንጩ ነዳጅ ሆኖ ሳለ ይበሰብሳል። መበስበስን የሚወስነው የጥሬ ዕቃው ምንጭ ሳይሆን የሞለኪዩሉ ሰንሰለት በረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይሞች ሊቆረጥ መቻሉ ነው።

3. የፊልሙ መሠረት

ለሆሞሻ ሁኔታ ቅርብ የሆነው ፖሊመር ስታርች ነው። ስታርች በውሃ ውስጥ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ውሃ ስበው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ አሚሎዝ የተባለው ቀጥተኛ ሰንሰለት ይወጣል። ፈሳሹ በሳህን ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ ሰንሰለቶቹ በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘው ስስ ፊልም ይሠራሉ። ይህ ፊልም ብቻውን ተሰባሪ ነው። ለዚህም ግሊሰሮል ይጨመርበታል፤ የግሊሰሮል ሞለኪዩሎች በሰንሰለቶቹ መካከል ገብተው ትስስራቸውን ያላላሉ፣ ፊልሙም ይተጣጠፋል። በተለምዶ የሚጨመረው መጠን ከስታርቹ ክብደት 25 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ነው።

በአገር ውስጥ ስታርችን ከምግብነት ውጭ ለመጠቀም የተደረገው ምርምር መሠረት አለው። ጽጌ ገብረ ማርያምና ሽሚት የእንሰት ስታርችን አካላዊና ኬሚካዊ ጠባይ አጥንተው በ1996 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የኢትዮጵያን የቦዬ ስታርች መርምረዋል። የእነዚህ ሥራዎች ትኩረት የመድኃኒት ክኒን ነበር፤ ሆኖም የቅንጣት መጠን፣ የማበጥ አቅምና የሚፈነዳበት ሙቀት ለፊልም ሥራም የሚያስፈልጉ መለኪያዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ እንሰት፣ ቦዬ፣ ካሳቫና ማሽላ ሰው የሚበላቸው ሰብሎች ናቸው። ማሸጊያ ለመሥራት ከገበታ መቀነስ በምግብ ዋስትና ዘወትር በሚጨነቅ አካባቢ አሳማኝ አይሆንም። ከዚህ አንጻር ትኩረት የሚስበው የማንጎው ዘር ነው። ልጣጩና ዘሩ እንደ ዝርያው ከፍሬው ክብደት ከሲሶ እስከ ግማሽ ይደርሳሉ። በጠንካራው የዘር ቅርፊት ውስጥ ያለው አስኳል ከደረቅ ክብደቱ ትልቁ ድርሻ ስታርች ነው፤ ቀሪው ስብ፣ ፕሮቲንና እንደ ታኒን ያሉ ፌኖላዊ ውሁዶች ናቸው። ስታርቹ በደንብ ታጥቦ ሲነጣ ፌኖሎቹ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። አስኳሉ እንዳለ ተፈጭቶ ለፊልም ሲውል ግን ፊልሙ ይጠቁራል፤ በምላሹ የራሱን ፀረ-ኦክሳይድ ይዞ ይቀራል። እንግዲህ ንጹሕና ነጭ ስታርች ለማግኘት የሚደረገው ጥረት በኋላ በውድ ዋጋ የሚጨመረውን ነገር አስቀድሞ መጣል ሊሆን ይችላል።

የስታርች ፊልም ዋና ድክመት ውሃ ነው። የስታርች ሰንሰለት ሃይድሮክሲል በተባሉ ውሃ ወዳድ ቡድኖች የተሞላ በመሆኑ በደረቅ አየር ኦክስጅንን በሚገባ የሚያግደው ፊልም፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ75 በመቶ ሲያልፍ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ማገዱም ይቀንሳል። ማንጎ በሚደርስበት የዝናብ ወቅት ደግሞ እርጥበቱ ከፍ ያለ ነው። ድክመቱን ለመቀነስ ከአካባቢው ሁለት አማራጮች ይታያሉ። አንደኛው በክልሉ በስፋት የሚገኘው የቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣ ረቂቅ የሴሉሎስ ቃጫ በፊልሙ ውስጥ ሲበተን ጥንካሬ ይሰጣል፣ የውሃ ትነት የሚያልፍበትንም መንገድ ያረዝማል። ሁለተኛው ካፊሪን የተባለው የማሽላ ፕሮቲን ነው። ካፊሪን ውሃ ጠል በመሆኑ ለፊልም ያለው ብቃት በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በስፋት ተጠንቷል፤ ከማሽላ ፉርሽካ ሊወጣ መቻሉም የምግብ ሽሚያውን ስጋት ያቃልላል።

4. የተፈጥሮ ጭማሪዎች

የጭማሪዎቹ ምንጭ ሰፊ ነው። በጦስኝና በነጭ አዝሙድ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ታይሞል የረቂቅ ተሕዋስያንን የሕዋስ ሽፋን በማናጋት ይታወቃል። የኮሰረት ዘይት በአብዛኛው ሊናሎል ነው። በመተከልና በሌሎች ደረቅ ቆላዎች ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ፣ ከቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ የሚገኘው ዘይት ደግሞ ኦክቲል አሲቴት ይበዛበታል። ከማንጎ ልጣጭ የሚወጡት ማንጊፈሪንና ሌሎች ፌኖሎች ግን እንደ ዘይቶቹ አይተኑም፤ ዋና ተግባራቸውም ኦክሳይድነትን መግታት ነው።

ዘይት ውሃ ወዳድ በሆነው ስታርች ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ በጠብታ መልክ ይበተናል። ጠብታው ሲበዛ የሰንሰለቶቹን ትስስር ያቋርጣል፤ በአብዛኛው ፊልሙ የመወጠር ጥንካሬው ይቀንሳል። በመጠኑ ሲጨመር ግን የውሃ ትነት አሳላፊነቱን ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የጭማሪው መጠን ሁልጊዜ በሁለት ፍላጎቶች መካከል የሚወሰን ነው፤ ለፈንገሱ የሚበቃው መጠን ለፊልሙ ሊበዛበት ይችላል።

እዚህ ላይ በብዙ ጥናቶች ውስጥ ሳይስተዋል የሚታለፍ የስሌት ጉዳይ አለ። «1 በመቶ ዘይት» ተብሎ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከፈሳሹ ክብደት ነው። 100 ግራም ፈሳሽ 4 ግራም ስታርች፣ 1.2 ግራም ግሊሰሮልና 1 ግራም ዘይት ቢኖረው፣ ውሃው ሲተን ከሚቀረው 6.2 ግራም ውስጥ ዘይቱ 16 በመቶ ይሆናል። ይህም ምንም ዘይት ካልተነነ ነው። ፊልሙ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ቀን ሲደርቅ ከተናኙ ዘይት የተወሰነው ክፍል አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የተጨመረውን ሳይሆን ከደረቀ በኋላ የቀረውን መጠን መለካትና መዘገብ ያስፈልጋል።

ስሌቱን ወደ መስክ ማውረድም ጠቃሚ ነው። አንድ የአካባቢ ማንጎ 250 ግራም ቢመዝንና የቆዳው ስፋት 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 0.08 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.3 ጥግግት ባለው ፊልም እያንዳንዱን ፍሬ መጠቅለል ለአንድ ቶን ምርት ወደ 8.3 ኪሎ ግራም ፊልም ይጠይቃል። ዘይቱ 16 በመቶ ከሆነ 1.3 ኪሎ ግራም ዘይት ያስፈልጋል። ከደረቅ ቅጠል 1 በመቶ ዘይት ይገኛል ተብሎ ቢታሰብ፣ ለአንድ ቶን ማንጎ 130 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ኮሰረት ያስፈልጋል። ስታርቹ ርካሽ ቢሆንም ዘይቱ አይደለም። በአንጻሩ ዘይቱ በትነት መልክ ሳይነካም ስለሚሠራ፣ 10 ኪሎ ግራም በሚይዝ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር ሣጥን ውስጥ ሁለት መለያ ንጣፎችን ብቻ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ለአንድ ቶን የሚያስፈልገው ፊልም ወደ 2.5 ኪሎ ግራም፣ ዘይቱም ወደ 0.4 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ የቅጠሉ ፍላጎት ከሲሶ በታች ይሆናል ማለት ነው። የማሸጊያው ቅርጽ ከጭማሪው ዓይነት ያልተናነሰ የወጪ ልዩነት ያመጣል።

የምንጩ ዘላቂነትም የስሌቱ አካል ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ዛፎች በወጣት ችግኝ ባለመተካታቸው የዕጣን ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። እየተመናመነ ያለን ዛፍ ለሌላ ኢንዱስትሪ ማዋል፣ ማሸጊያው ቢበሰብስም፣ አካባቢን መጠበቅ ሊባል አይችልም።

5. የመልቀቅ ጊዜ፦ ወሳኙ ጥያቄ

በማንጎ ላይ ከምርት በኋላ ዋነኛው የበሽታ ጉዳት አንትራክኖዝ ነው። ኮሌቶትሪኩም የተባለው ፈንገስ ፍሬውን የሚወረው ገና በዛፍ ላይ ሳለ ነው። ስፖሩ በዝናብ ጠብታ ይዛመታል፣ በአረንጓዴው ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ያደፍጣል። ያልበሰለው ፍሬ ፈንገሱን የሚገቱ የራሱ ውሁዶች አሉት፤ ፍሬው ሲበስል እነዚህ ይቀንሳሉ፣ ያደፈጠው ፈንገስም ይነቃል። ጥቁሩ ቁስል የሚታየው ያኔ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ፍሬው ከገበሬው እጅ ወጥቶ በነጋዴው ወይም በሸማቹ ዘንድ ካለ በኋላ።

ይህ የበሽታ ሂደት በንቁ ፊልም ላይ ግልጽ የሆነ መስፈርት ይጥላል። ጠላቱ በመጀመሪያው ቀን ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ አስቀድሞ ገብቶ የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ዘይቱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ለቆ ከጨረሰ፣ ፍሬው በሚበስልበት ሳምንት የሚቀረው ባዶ ስታርች ነው። የተለመደው የሳህን ሙከራ ግን ከፊልሙ የተቆረጠ ትኩስ ክብ በፈንገስ ላይ አስቀምጦ የማገጃውን ክበብ ስፋት መለካት ነው። ይህ ሙከራ ዘይቱን ቶሎ የሚለቀውን ፊልም ያሞግሳል፤ ሰፊ ክበብ የሚሰጠው እርሱ ነውና። ለሆሞሻ ማንጎ የሚያስፈልገው ደግሞ በተቃራኒው ቀስ ብሎ የሚለቀው ነው። ስለሆነም በሳህን ላይ አንደኛ የወጣው ፊልም በሣጥን ውስጥ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

የመልቀቅ ፍጥነትን የሚወስኑት በዋናነት ሙቀትና እርጥበት ናቸው። ሙቀት ሲጨምር የሞለኪዩሎች እንቅስቃሴ ይፈጥናል። እርጥበት ሲጨምር ስታርቹ ያብጣል፣ የሰንሰለቶቹ መካከል ይሰፋል፣ ዘይቱም መውጫ ያገኛል። በ23 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ እርጥበት የተለካ ፊልም፣ በዝናብ ወቅት በተሸፈነ የጭነት መኪና ውስጥ ያለውን ጠባይ አያሳይም። በሌላ በኩል ይኸው ጠባይ ሊጠቅምም ይችላል፤ ፍሬው በሚተነፍስበትና ውሃ በሚለቅበት መጠን ፊልሙ የሚከፈት ከሆነ፣ ንቁ ውሁዱ በሚፈለግበት ጊዜ ይወጣል። ዘይቱን በደቃቅ ጠብታ መበተን፣ በሳይክሎዴክስትሪን ሞለኪዩል ውስጥ መክተት ወይም በሸክላ ማዕድን ንጣፎች መካከል መያዝ መልቀቁን ለማዘግየት የሚያገለግሉ መንገዶች ናቸው።

6. ለየትኛው ምርት የትኛው ፊልም?

ትኩስ ማንጎ ሕይወት ያለው ምርት ነው፤ ኦክስጅን ይስባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለቃል። በተዘጋ ፖሊኤትሊን ከረጢት ሲቀመጥ ውሃው በውስጠኛው ገጽ ላይ ይጠራቀማል፤ ኦክስጅኑ ከመጠን በላይ ሲቀንስም ፍሬው ያልተፈለገ የመብላላት ጣዕም ያመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ምርት እርጥበት የሚስበውና የሚያሳልፈው የስታርች ንጣፍ ድክመቱ ወደ ጥቅም ይለወጣል። የደረቀ ማንጎ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። እርጥበት ከሳበ ይለሰልሳል፣ ይሻግታል፤ ስለዚህ ንጹሕ የስታርች ፊልም ለእርሱ ተስማሚ አይደለም። ካፊሪን ወይም ሰም የተቀላቀለበት፣ ወይም በሁለት ንብርብር የተሠራ ፊልም ያስፈልገዋል፤ ጭማሪውም ፀረ-ፈንገስ ከመሆን ይልቅ ቀለሙን የሚጠብቅ ፀረ-ኦክሳይድ ቢሆን ይመረጣል። ከልጣጩ የሚወጡት የማይተኑ ፌኖሎች ቦታቸው እዚህ ነው።

ፊልም የማይፈታቸው ችግሮችም አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተዛመተው የማንጎ ነጭ ስኬል የፍሬውን መልክ የሚያበላሸው በዛፍ ላይ ነው። ከዛፍ ተራግፎ መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ የሚደርስበትን ስንጥቅም ማሸጊያ አይጠግነውም። ንቁ ማሸጊያ የሚጠቅመው በጥንቃቄ ለተለቀመና ለተመረጠ ፍሬ ነው።

7. መበስበስና ደኅንነት

ፒኤልኤ የተባለው የታወቀ ፖሊመር «የሚበሰብስ» ተብሎ ቢሸጥም በአግባቡ የሚፈርሰው 58 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሚሠራ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ውስጥ ነው። በአውሮፓ የማሸጊያ ኮምፖስት ደረጃ የሆነው ኢኤን 13432 በ6 ወራት ውስጥ 90 በመቶ ሥነ ሕይወታዊ መበስበስን ሲጠይቅ ታሳቢ የሚያደርገው እንዲህ ያለውን ተቋም ነው። ማሸጊያው በየማሳውና በየመንገዱ በሚጣልበት ሁኔታ ግን ትክክለኛው መለኪያ በአካባቢው አፈር፣ በበጋና በክረምት የሚደረግ የመቅበር ሙከራ ነው። ስታርች በዚህ ረገድ ብልጫ አለው። ይሁንና ፀረ-ተሕዋስያን ጭማሪው በአፈር ውስጥ ያሉትንም አፍራሾች ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ጭማሪ ያለውና የሌለው ፊልም ጎን ለጎን መቀበር አለባቸው።

በደኅንነት በኩል «ተፈጥሯዊ» መሆን በራሱ ማስረጃ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 450/2009 ንቁ ማሸጊያ የሚለቃቸው ውሁዶች ተለይተው እንዲገመገሙ ይጠይቃል፤ ቁጥር 1935/2004 ደግሞ ማሸጊያው የምግቡን መበላሸት በመደበቅ ሸማቹን እንዳያሳስት ይከለክላል። ይህ ለመዓዛማ ዘይቶች ቀላል ጉዳይ አይደለም። የኮሰረት ሽታ የበሰበሰ ፍሬን ጠረን ከሸፈነ፣ ማሸጊያው ሸማቹን መጠበቁን ትቶ ማታለል ጀምሯል ማለት ነው። በኢትዮጵያም ምግብ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥር ሥር በመሆኑ፣ የጣዕምና የሽታ ምዘና ከረቂቅ ተሕዋስያን ምርመራው እኩል መካሄድ ይኖርበታል።

8. ማጠቃለያ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች የምርምሩን ቅደም ተከተል ይለውጣሉ። የተለመደው አካሄድ ኃይለኛውን ተክል መርጦ በፊልም ውስጥ መጨመርና በመጨረሻ ለምግብ መሞከር ነው። ለሆሞሻ ማንጎ የሚስማማው ከመጨረሻው መነሣት ነው፤ ፍሬው ስንት ቀን ይጓዛል፣ በየትኛው ቀን ይበስላል፣ በጉዞው ሙቀቱና እርጥበቱ ስንት ይደርሳል የሚለው በመስክ መለኪያ አስቀድሞ ይታወቅ። ከዚያ ፊልሙ በዚያው ሁኔታ በየሦስት ቀኑ የቀረው ንቁ ውሁድ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይለካ። በፍሬ ላይ የሚደረገው ሙከራ ማሸጊያ የሌለውን፣ ፖሊኤትሊን የተደረገለትን፣ ጭማሪ የሌለው ፊልም ያለውንና ንቁውን ፊልም ያካትት፤ ጭማሪ የሌለው ፊልም ከሌለ የዘይቱን ሥራ ከስታርቹ ሥራ መለየት አይቻልምና። ዛፎቹም ከዘር የበቀሉ በመሆናቸው ከየዛፉ የተለቀሙት ፍሬዎች ለአራቱም ምድቦች እኩል ይከፋፈሉ፤ አለበለዚያ የዛፎች ልዩነት የፊልም ልዩነት መስሎ ይታያል።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲና የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለምርቱም ለአፈሩም ቅርብ ናቸው። የተራቀቀ መሣሪያ የሚጠይቁት ምርመራዎች በሌሎች ተቋማት ትብብር ሊሠሩ ይችላሉ፤ በዝናቡ ወቅት ከሆሞሻ የተነሣ የማንጎ ሣጥን በአሥረኛው ቀን ሲከፈት በውስጡ ያለውን ማየት ግን በአካባቢው ብቻ የሚሠራ ሙከራ ነው።